ሳቀናው የጠፋችው ወፍ

ሐምሌ 3

የእታለም የዲስኬት ድራይቭ ዛሬ አላነብ አለ።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ የሹራብ ቤቱም የሷ ነው። ጠዋት ሠራተኞቹ ክር ሲያጠነጥኑ እሷ እንደ ወትሮዋ ኮምፒውተሩን ከፍታ መነሻውን ዲስኬት አስገባች። ድራይቩ ጉርርር ብሎ ቆመ። እንደገና ጉርርር ብሎ ቆመ። ድሮም በሦስተኛው በአራተኛው ሙከራ ነበር የሚነሳው፤ ዛሬ ጭራሹን እምቢ አለ።

«ብሎን፣ እስቲ እየው» አለችኝ።

ብሎን የልጅነት ስሜ ነው፤ ኪሴ ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ። ጠረጴዛዬ የሹራብ ቤቱ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ነው። እሠራበት የነበረው የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ሲዘጋ ለጊዜው ብዬ ነው እዚህ ያስቀመጥኩት። ወንበሩን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ።

ሐምሌ 4

ከፈትኩት። ኤሌክትሪኩ ደህና ይገባል። ዲስኬቱን የሚያዞረው ቺንጊያ ትንሽ ላልቷል፤ ግን ይዞራል። አቧራውን ነፋሁ፣ ዲስኬቱን የሚያነበውን ጭንቅላት በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ። ለውጥ የለም።

ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የቤት ኮምፒውተር ነው፤ ልጆች ጨዋታ ይጫወቱበት የነበረው ዓይነት። ቁልፎቹ እንደ አሮጌ ጥርስ ወይበዋል። እዚህ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው። የሹራብ ንድፍ ከዲስኬት አንስቶ በገመድ ለሹራብ ማሽኑ ይልካል። ማሽኑ ከሱ በቀር የማንንም ትእዛዝ አይቀበልም።

በመሃል እታለም ካውያ ይዛ መጣች። «አይሞቅም» አለች። ሶኬቱ ላልቶ እንጂ ካውያው ምንም አልሆነም። በቅርቡ ሬዲዮዋንም እንደዚሁ አምጥታው ነበር። ዕቃ አያያዝ አታውቅም።

ሐምሌ 6

አገኘሁት!

ዲስኬት ላይ ጽሑፍ የሚሰፍረው ክብ ክብ በሆኑ መንገዶች ነው፤ እንደ ሩጫ መም። ጭንቅላቱ የየመንገዱን መሃል ይዞ መሄድ አለበት። የዚህ ድራይቭ ጭንቅላት በዓመታት ንዝረት እየተንሸራተተ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው። መነሻው ዲስኬት የፋብሪካ ስለሆነ እሱን መለኪያ አደረግሁት። ጭንቅላቱን የምታንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር ሁለት ብሎኖች አላላሁ፤ ሞተሯን በፀጉር ስፋት አዞርኳት፤ ሞከርኩ፤ ደግሞ አዞርኳት። በመጨረሻ ዲስኬቱ በአንድ ሙከራ ተነሳ። ያለ ጉርርር።

እታለም አጨበጨበች። «እጅህ ይባረክ! በአንዴ ሲነሳ አይቼው አላውቅም» አለች።

ብሎኖቹን አጥብቄ እንዳይላሉ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረግሁባቸው፤ ከረጅሟ ቦርሳ የወጣ፣ ቀይ። ረጅሟ እጅጌና ደረት የምትገጣጥመው ሠራተኛ ናት። «ጋሼ ብሎን፣ ጥፍርህንም ልቀባህ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ዙሪያውን በአልኮል ወልውዬ አንጸባረቅሁት። ሞተሯ ድሮ የቆመችበትን ቦታ የሚያሳየው የአቧራ መስመር እንኳ አልቀረም። ንጹሕ ሥራ ደስ ይለኛል።

ሐምሌ 8

የንድፎቹ ዲስኬቶች አይነበቡም።

መነሻው በአንዴ ይነሳል። ከዚያ እታለም የራሷን ዲስኬት ስታስገባ ባዶ። ዛፏን አስገባች፤ የለችም። ቁልፉም የለም። ወፏም የለችም። እነዚህ የትምህርት ቤቶች ዓርማዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ በተማሪው ሹራብ ደረት ላይ ይሠራል። ዛፏና ቁልፉ የትንንሽ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ወፏ የትልቁ ናት። ክረምት ሲያልቅ ተማሪዎቹ ሲገቡ ሹራቡ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ዳይሬክተሯ ሌላ ጋ ትሄዳለች። የዚህ ቤት ዓመት የሚያልፈው በወፏ ነው።

«አትቸኩይ፣ ትንሽ ነገር ይሆናል» አልኳት። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ሐምሌ 9

ጭንቅላቱን ደግሜ አጸዳሁ። ምንም። ቺንጊያ ቀየርኩ። ምንም። ገመድ ቀየርኩ። ምሳ ረሳሁ። እታለም ሳህን ሸፍና ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኛለች፤ አሁን ነው ያየሁት።

ሐምሌ 12

ዲስኬቶቹ የሚቀመጡበትን ቁምሳጥን ከፈትኩ። እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ጀርባው ውሃ ከሚያሰርገው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ዲስኬቶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳኋቸው። አንዱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አየሁ።

«ሻጋታ ነው» አልኳት። «እዚህ ውስጥ ነው የሞቱት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ሳይሆኑ አይቀሩም።»

 የቁምሳጥኑን በር ስትዘጋ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ነጠብጣቡን ያየሁት አንዱ ላይ ብቻ ነው። ግን አንዱ ላይ ካለ ሌላውም ላይ አለ ማለት ነው፤ ዓይን ላያየው ይችላል።

ሐምሌ 13

እታለም ቁምሳጥኑን ከረጅሟ ጋር ጎትተው በረንዳ ላይ አወጡት። ዝናቡ ከጎን እየመጣ ይመታዋል። እናታችን የሰጠቻት ቁምሳጥን ነው። «ገዳይ ነው፤ ቤቴ አይገባም» ትላለች።

ባለ ካሬ ወረቀት አውጥታ ወፏን ከአሮጌ ሹራብ ላይ እያየች በእርሳስ መገልበጥ ጀምራለች። አንዱ ካሬ አንድ ጥልፍ ነው። ክንፉ ላይ ስትደርስ መስመር ጠፍቶባት እንደገና ጀመረች።

ሐምሌ 16

ዛሬ ጀርባዬን ሰጥቼ ስሠራ የሰማሁት፦

«ጋሼ እስኪነካው ድረስ ይሠራ አልነበር እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ። ውሸት ነው?»

የመጀመሪያዋ ሳቂታዋ ናት፤ ለክታ የምትቆርጠው ሠራተኛ። ዛሬ ግን አልሳቀችም።

ልክ አይደለችም። መጀመሪያ የተበላሸው እኔ ሳልነካው ነው። በሦስት በአራት ሙከራ የሚነሳ ነገር ይሠራል ይባላል? እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። መነሻው ዲስኬት ይመስክር።

ይህን ሁሉ ለሷ አልነገርኳትም። እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሐምሌ 18

አንድ የማውቀው ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የእታለምን ዓይነት ኮምፒውተር ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች ክፍል አስቀምጦ በምሳ ሰዓት ይጫወትበታል። አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰበስቡ ጓደኞችም አሉት። ግድግዳው ላይ አፉን የከፈተ ሰው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ድራይቩ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

የእታለምን ዲስኬቶች በሱ ድራይቭ ሞከርን። አላነበበም። አንዱንም! በእታለም ድራይቭ ትናንት የጻፍኩትን አዲስ ዲስኬት ግን ወዲያው አነበበ።

«ድራይቭሽ ጤነኛ ነው በላት» አለኝ ሐኪሙ። «የሞቱት ዲስኬቶቹ ናቸው።»

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ጥፋቱ የኔ አይደለም። ለእታለም ሁለት ጊዜ ነገርኳት። ሁለተኛው ላይ «ሰማሁህ እኮ» አለች ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ።

ሐኪሙ ስወጣ፣ «የኔም ሁለት ድራይቮች አይዞሩም፤ ጊዜ ሲኖርህ ብቅ በል» ብሎኝ ነበር። ጊዜ የለኝም። እዚህ ሥራ አለብኝ።

ሐምሌ 22

ከረባት መጣ። የአዳዲስ ሹራብ ማሽን ሻጭ ነው፤ ጭቃ ውስጥም ቢሆን ከረባቱን አይፈታም። ሥዕል ያለበት ወረቀት ዘረጋ። «እትዬ፣ ይኼ ዲስኬት ምናምን አያውቅም። ንድፉን ራሱ ላይ ይይዛል። አንድ ሰው ይበቃዋል።»

ረጅሟና ሳቂታዋ ሥራ አቆሙ። አንድ ሰው ይበቃዋል የሚለውን ሁሉም ሰምቷል።

ስሸኘው በር ላይ፣ «እህትህን ምከራት እንጂ። ስንት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ወንድሜ አለ ትለኛለች። ወንድም ማሽን ነው እንዴ?» አለኝ።

ግትር ናት። ከልጅነቷም እንዲሁ ናት። አዲሱን ብትገዛ እኔ ምን ሥራ ይኖረኛል ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። ስላልጠየቀችኝ ነው።

ሐምሌ 25

በወረቀት የተገለበጠችውን ወፍ እታለም ካሬ በካሬ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባቻት። ዛሬ ማሽኑ ሠራት። ሁላችንም ከበን ቆምን።

ሳቂታዋ ናት ቀድማ የተናገረችው። «እትዬ፣ ይቺ ዶሮ ናት።»

«የታመመች ዶሮ» አለች ረጅሟ።

አንገቷ አጥሯል፣ አንዱ ክንፍ ወርዷል። እታለም ሹራቡን አገላብጣ አየችው። «ትምህርት ቤቱ ዓርማውን ይቀይር ይሆን?» አለች። ሳቅን። ሁላችንም ትንሽ በዛ አድርገን ነው የሳቅነው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና ሹራቡን ትተረትረው ጀመር።

ሐምሌ 27

ይህን አሁኑኑ ልጻፈው።

እኔ ሬዲዮ እየበየድኩ ነበር። ከኋላዬ ጠብ ተነሳ። እታለም ሰኞ ለሳቂታዋ አዲስ ሜትር ሰጥታት ነበር፤ አሮጌው የጨርቅ ሜትር ተለጥጧል ብላ። ዛሬ ረጅሟ እጅጌ ይዛ መጣች፤ ከደረቱ ጋር አይገጥምም።

«ሜትሬን መልሱልኝ!» አለች ሳቂታዋ።

«ያ እኮ የተለጠጠ ነው» አለቻት ረጅሟ። «ውሸታም ሜትር ነው።»

«ይለጠጥ! ደረቱንም እጅጌውንም በሱ ስለካ ይገጥም ነበር። ለሁለቱም እኩል ነዋ የሚዋሸው። አሁን ደረቱን በዚያ ቆርጬ እጅጌውን በዚህ፣ እንዴት ይግጠም?»

«አዲሱ ትክክለኛ ነው።»

«ትክክለኛ ይሁና! ለማን ጠቀመ?»

እታለም ገባችበት። «በቃ። የተጀመረውን በአሮጌው ጨርሺ። አዲሱ ለአዲስ ሥራ።»

መበየጃውን ማንሳት ረሳሁ። የሬዲዮው ሽፋን ቀልጦ ሸተተኝ።

ድራይቩ ለዓመታት ዳር ዳሩን ይሄድ ነበር። ሲያነብ ብቻ አይደለም፤ ሲጽፍም። የእታለም ንድፎች በሙሉ የተጻፉት በዳር ነው፤ የሚያነባቸውም ያው ዳር ዳሩን የሚሄድ ጭንቅላት ነበር። ሲዋሽ ለሁለቱም እኩል ነው የሚዋሸው። እኔ መሃል መንገድ ላይ አቆምኩት። አሁን ዓለም ላይ ያለ ጤነኛ ድራይቭ ሁሉ የእታለምን ዲስኬት ባዶ ያየዋል። የሐኪሙ ድራይቭ ያላነበበውም ለዚህ ነው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ዲስኬቶቹ አልሞቱም! ወፏ እዚያው አለች። ማግኛውን ነው ያጠፋሁት። ሞተሯ የት ቆማ እንደነበር የአቧራው መስመር ይነግረኝ ነበር፤ እሱንም በአልኮል ወለወልኩት። ብሎን ከማላላት በፊት ምልክት አድርግ፤ ይህን ለስንቱ አስተምሬያለሁ።

ቁምሳጥኑ በረንዳ ላይ ነው። ዝናቡ አላቆመም።

ሐምሌ 28

ልነግራት ነበር። ዳይሬክተሯ መጣችባት።

ሐምሌ 29

ልነግራት ነበር። ራሷን አሟት ጋደም ብላለች። በካሬ ወረቀት ምክንያት ነው።

የጥፍር ቀለሙን ፋቅሁ። ሞተሯን ትንሽ አዞርኩ። ምንም። በሌላው በኩል። ምንም። ካስተካከልኩት በኋላ ብነግራት አይሻልም?

ሐምሌ 30

አይሻልም። ዛሬም አራተኛ ወፍ ጀመረች።

ነሐሴ 1

ነገርኳት።

በረንዳ ላይ የቁምሳጥኑን እግር በጨርቅ ስትጠርግ አገኘኋት፤ እንጨቱ ማበጥ ጀምሯል። ሌላ ቃል አጥቼ «ሻጋታ አይደለም» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። የሜትሩን ጠብ ምሳሌ ሳደርግ ገባት።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ስታበላሸው ሳይሆን ስታስተካክለው ነው የጠፉት?»

«አዎ።»

«ቁምሳጥኔስ ምን አድርጎህ ነው ዝናብ ያስመታኸው?»

 ጨርቁን ጨመቀችው። ብዙ ውሃ ወጣው።

«መቼ አወቅህ?»

«ከትናንት በስቲያ... ከዚያም በፊት።»

አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። «በል ተነስ» አለች። «ሂድና አጣምልኝ። ቁምሳጥኑን ግን አንተ ነህ የምትመልሰው። ብቻህን።»

ቁምሳጥኑን መለስኩ፤ ግድግዳውን ሳያስነካ። ወገቤን ያመኛል። ከወር ወዲህ እንደ ዛሬ ቀሎኝ አያውቅም።

ነሐሴ 3

ሐኪሙ ድራይቩን አዋሰኝ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የእታለምን ድራይቭ አጣምሜ አነብበታለሁ፤ የተነበበውን ንድፍ ኮምፒውተሩ ይይዘዋል፤ ከዚያ በሐኪሙ ቀና ድራይቭ አዲስ ዲስኬት ላይ እጽፈዋለሁ። የተጀመረውን በአሮጌው፣ አዲሱን በአዲሱ።

በዘፈቀደ አላዞርም። ሞተሯ ላይ ቀጭን መስመር ጫርኩ፤ አጠገቧም ሌላ። ካለችበት እየጀመርኩ በትንሽ በትንሹ፣ በእያንዳንዱ ላይ ዲስኬቶቹን ሁሉ እየሞከርኩ።

እስከ ምሳ ምንም። ሳቂታዋ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ሜትሬን ላውስህ?» አለች። ይህ ይቅርታ መሆኑ ነው። ወይም ስድብ። ጠጣሁት።

ነሐሴ 4

ዛፏ ተነበበች!

ቴሌቪዥኑ ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስትወርድ እታለም የረጅሟን ክንድ ይዛ ነበር። ረጅሟ በኋላ ክንዷን አሳየችኝ፤ የጥፍር ምልክት ወጥቶበታል።

የገረመኝ ሌላ ነው። ዛፏ ከንድፎቹ ሁሉ የቆየች ናት። ትንሽ ስጨምር ከሷ በኋላ የተሠሩት መጡ፤ ደግሞ ስጨምር ቁልፉ። ዲስኬቶቹ በዕድሜያቸው ተራ ነው የሚነበቡት። ድራይቩ በአንድ ቀን አልነበረም የተንሸራተተው፤ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ነው። እታለም አጠገቤ ቆማ ትጠራለች። «ይቺን የሠራሁት አንተ እዚህ ከመምጣትህ በፊት ነው። ይቺን ደግሞ በመጣህ ሰሞን። ምንም አትበላም ነበር ያኔ፣ ትዝ ይልሃል?»

አይ፣ አልበላም ነበር እንዴ? ትዝ አይለኝም።

ነሐሴ 6

ከወፏ በቀር ሁሉም ወጡ። ወፏ የመጨረሻዋ ናት፤ ባለፈው ዓመት ነው የተሠራችው። ትንሽ ስጨምር ስሟ ብቻ ይታይና ይጠፋል። ስጨምር የባሰ። ስመልስ የባሰ። ስሟን ማየቱ ነው የሚያናድደው።

ዳይሬክተሯ በሳምንቱ መጨረሻ ናሙና ካላየች ለሌላ ትሰጠዋለች። እታለም ለሠራተኞቹ ነግራቸዋለች። ዛሬ ማንም አልቀለደም።

ነሐሴ 7

እታለም ሳልጠይቃት ነው የተናገረችው። በብርድ ሰዓት የምትደርባትን፣ የሽንኩርት ሹራብ የምንላትን አሮጌ ሹራቧን ስትለብስ፣ «ወፏን ስሠራ ይቺን ለብሼ ነበር» አለች። «ጎሕ ሲቀድ፣ ሠራተኞቹ ሳይገቡ። ጣቴ በብርድ ደርቆ የኮምፒውተሩን ቁልፎች መጫን ያቅተኝ ነበር።»

ድራይቩን አየሁት። ክዳኑን አውልቄ ቀኑን ሙሉ እንደበራ ነው የምተወው። ነካሁት። ይሞቃል። ብረት ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ እዚህ ላይ የፀጉር ስፋት ብዙ ነው። ሌሎቹን ቀን ቀን ነው የሠራቻቸው። ወፏን በብርድ።

አጠፋሁት። ነገ ጠዋት ማንም ሳይነካው፣ እንደበረደ እንሞክራለን።

ነሐሴ 8

ጠዋት እንደገባን። መስኮቱን ከፈትነው። እታለም ያችኑ ሹራብ ለብሳለች። ጉልበቴ ላይ ብርድ ገባ። ዲስኬቱን እሷ ራሷ አስገባች።

ስሟ መጣ። ምንቃሯ መጣ። ክንፎቿ፣ ሁለቱም፣ እኩል። አንገቷ ረጅም።

«አታቁም፣ አታቁም» ትላለች እታለም ለድራይቩ። እስከ ጭራዋ ወረደች። ወዲያው በሐኪሙ ድራይቭ ላይ ጻፍናት። ደግመን በሌላ ዲስኬት። ረጅሟ ገብታ ስታይ፣ «ዶሮዋ ዳነች!» ብላ ጮኸች።

ማሽኑ አሁን እየሠራት ነው። ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ነሐሴ 10

ዳይሬክተሯ ናሙናውን አየች። ወፏን በጣቷ ዳሰሰቻትና «እንዳለፈው ዓመት» አለች። ይህ ከሷ አፍ ሲወጣ ምርቃት ነው። ሥራው ለኛ ሆኗል። ሳቂታዋ ለሁለቱም ሥራ ሁለቱንም ሜትር አንገቷ ላይ አድርጋ ትዞራለች።

የእታለምን ድራይቭ በፋብሪካው መስመር አቀናሁት። ሁለቱንም ጭረት ትቻቸዋለሁ። አልኮል አላስነካቸውም።

ነሐሴ 12

በጥድፊያ። ለምንቃሩ ቢጫ ክር እንዳመጣ ተልኬ፣ የክሩን ናሙና ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የሐኪሙም ድራይቭ በብብቴ ነው፤ በዚያው ላደርስለት። ሁለቱን የማይዞሩትን እንዳይ ሁለት ጊዜ ልኮብኛል። ጓደኞቹም በየቤታቸው የደረደሩት የተበላሸ ኮምፒውተር አለ ብሏል። ማክሰኞ ማክሰኞ እመጣለሁ እለዋለሁ። ለእታለም ስነግራት «ማክሰኞ ብቻ?» አለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ክር መቁጠር ጀመረች።

ናሙናው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አጠገቡ ካውያው ተቀምጧል። ስወጣ አልነበረም።

«ደግሞ አይሞቅም» አለች ከወዲያ፣ ቀና ሳትል።

ነካሁት። ጣቴን አቃጠለኝ።

«ስመለስ አየዋለሁ» አልኳት። ጣቴን አፌ ውስጥ አድርጌ ነው ይህን የምጽፈው። ክር ቤቱ ሳይዘጋ ልውጣ።